የገና ሰሞን ብርድና የቤታችን እሳት
(በጅጋ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የቤተ ሰብ ኑሮ በገና በዓል ሰሞን» የሚል ነው። ርእሱን የመረጡት ወንድሞች ስለ ፍቅርና ስለ ሰላም አንዳንድ ቃል እንድናገር አስበው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብርድ፣ ስለ ከሰልና ስለ ምድጃ ነው። ታግሣችሁ ስሙኝ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ በከተማ ሱቆች የገና ካርድ መሰቀል ይጀምራል። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጣራው በነጭ በረዶ የተሸፈነ ቤት፣ በመስኮቱ ብርሃን የሚታይ፣ በደጁ ጥድ የቆመ። በአዲስ አበባም በጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ የሚበትኑ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ጥጡ የበረዶ ምሳሌ መሆኑ ነው። ይህ ሥዕል ግን ከቤተ ልሔም የመጣ አይደለም፤ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው። ቤተ ልሔም ከባሕር ወለል በላይ 775 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ከጅጋ ዝቅ ያለች ከተማ ናት። በረዶ የሚጥልባትም አልፎ አልፎ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምና አካባቢዋ በብዙ በረዶ ሲሸፈኑ ዓለም ሁሉ ያወራው ነገሩ ብርቅ ስለ ሆነ ነበር።

እኛ ዘንድስ በረዶ ምንድር ነው? ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው። ከሰማይ እንደ ጠጠር እየወረደ ዳጉሳውን የሚያረግፈው፣ የበርበሬውን ቅጠል የሚቆራርጠው በረዶ ይባላል። በውጭ አገር እንደ ባዘቶ ቀስ እያለ የሚወርደውም በረዶ ይባላል። ልጅዋ በሚኒሶታ የምትኖር አንዲት እናት በስልክ «ዛሬ በረዶ ጥሎብን ከቤት ሳንወጣ ዋልን» የሚለውን ቃል ስትሰማ፣ ደንግጣ «እህሉስ?» ብላ ጠየቀች አሉ። ልክ ናት። በእርስዋ ቀበሌ በረዶ ጣለ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው እህሉ ነው። «ክረምት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ልጅቱ በታኅሣሥ ወር «ክረምቱ ከበደን» ትላለች፤ እናትዋ ግን ክረምት የምታውቀው በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎርፉና ጭቃው ሲበረታ ነው። ለእርስዋ ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ጤፍ ታጭዶ የሚከመርበት፣ አውድማ በእበት የሚለቀለቅበት ወር ነው። እናትና ልጅ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ በሁለት ሰማይ ሥር ናቸው።

ስብከት ለምታዘጋጁ ወንድሞች በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘጸአት ምዕራፍ 9 የግብፅን እርሻ የመታው በረዶ ተብሎአል፤ በመዝሙር 51 ለንጽሕና ምሳሌ የሆነውም በረዶ ተብሎአል። ከጮቄ ግርጌ ያለ ገበሬ መዝሙሩን ሲሰማ የትኛው በረዶ ወደ አሳቡ እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባናል። አዝመራው የተመታበት ሰው በረዶን የንጽሕና ምሳሌ አድርጎ ለመቀበል ይቸገራልና፣ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ነውር የለበትም።

በውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ደግሞ ሁለት ገና አላቸው። የአገሩ ገና የሚውለው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ገደማ ነው። በዚያን ቀን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ በረዶውም መንገዱን ስለሚዘጋ ቤተ ሰቡ በቤት ተሰብስቦ ይውላል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲደርስ (በየአራት ዓመቱም አንድ ጊዜ በ28 ሲሆን) በዓሉ በዚያ አገር አልፎአል። አባት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት አለበት። ብዙዎች ስለማይሆንላቸው በዓሉን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ያስተላልፉታል። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ ቡናው ይፈላል። መስኮቱ ግን አይከፈትም። ይህን መስኮት ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጅጋ እንምጣ። እዚህ በካርዱ ላይ ያለው በረዶ አይጥልም። በሰሜን ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ ስስ በረዶ ይታያል፤ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጮቄ ላይም ጠጠሩ በረዶ ወርዶ ተዳፋቱን ነጭ የሚያደርግበት ቀን አለ። ሜዳው ላይ ግን ያለው የታኅሣሥ ቁር ነው። በዚህ ወር ሌሊቱ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለም። ደመና ለምድር እንደ ቡሉኮ ነውና፣ ቡሉኮው ሲገፈፍ ቀን ምድር የጠጣችው ሙቀት ሁሉ ሌሊት ወደ ሰማይ ያመልጣል። የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆና ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ከኮረብታው ይልቅ ከሥሩ ያለው መስክ ይብሳል። በሰከላ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት በኩል ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ግን ቀኑ ሞቃት ስለሚሆን ሌሊቱን እንረሳዋለን። ፕሮጀክታችንም ረስቶታል ማለት ይቻላል፤ የዝናብ ወራት ዕቅድ አለን፣ የወባ ወራት ዕቅድ አለን፣ የብርድ ወራት ዕቅድ ግን የለንም።

የአባቶቻችን ቤት ይህን ብርድ ያውቀው ነበር። ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ ጋጣውም ከዚያው ከቤቱ ውስጥ ነበር። የላምና የበሬ ትንፋሽ ቤት ያሞቃል። ዛሬም በገጠሩ እንዲህ የሚያድር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የካርዱ ሠዓሊ ግርግምን በሩቅ አገር እንዳለ ተረት አድርጎ መሣሉ ነው። የደጋ ዳሞት እናት ግን ግርግም ምን እንደ ሆነ፣ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከከብት አጠገብ ለምን እንደሚተኛ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ከብት ባለበት ቤት ተባዩና በሽታው ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይመጣልና ወደዚያ ተመለሱ አልላችሁም። ነገር ግን ሣሩን በቆርቆሮ ለውጠን፣ ከብቱን አስወጥተን፣ ምርጊቱን ሳናድስ ስንቀር ቤቱ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት ውርጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው የሚያደርገው ምንድር ነው? ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ወደዚህ የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነው።

የማገዶ ጭስ ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ማለትም ያስጠነቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቶአል። ጉዳቱ በብዛት የሚያድረው ከምድጃው በማይርቁት በእናቶችና በሕፃናት ላይ ነው። ይህ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። ከሰል ግን ጭስ የለውም ብለን እንወደዋለን። እንግዳ ሲመጣ ከሰል፣ ለቡና ከሰል፣ ለአራስ ቤት ከሰል። ከፋግታ ለኮማ ደከሬንስ የሚከሰለው ከሰል በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው መንገድ ስንት ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሲጫን አይተናል። ከዚህ ከጋመ ከሰል የሚወጣው መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዐይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ደሙን ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። የነቃ ሰው «ደከመኝ» ብሎ ይተኛል። የተኛ ሰው አይነቃም።

አሁን ወደዚያ ወደ ተዘጋው መስኮት ልመለስ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከባድ ብርድና በረዶ ወረደ። ቴክሳስ እንደ ሚኒሶታ ብርድ የለመደ አገር አይደለም። መብራት በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ቤቶች ተቋረጠ። በሂውስተን ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ለመሞቅና ስልክ ለመሙላት ብሎ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አስነሣ። ከመኪናው የወጣው ያው መርዝ ወደ ቤት ገባ። እናትና ትንሽ ሴት ልጅዋ ሞቱ፤ አባትና ወንዱ ልጅ በሐኪም ቤት ታክመው ተረፉ። ከእነዚህ ሰዎች ያነሰ እውቀት ያለው ሰው የለም ወይም ከእነርሱ የበለጠ ጠንቃቃ ነኝ የሚል ካለ ይነሣ። እነርሱ ያደረጉት ማናችንም ልጆቻችን በብርድ ሲንቀጠቀጡ የምናደርገውን ነው። መርዙ በሂውስተን መኪና ውስጥም በጅጋ ማንደጃ ውስጥም አንድ ነው።

ስለዚህ የቤት ለቤት ጉብኝት የምታደርጉ ሠራተኞች በዚህ ወር ከሌላው ትምህርት ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አስተምሩ፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። «አመድ አልብሼዋለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ አመድ የለበሰው ፍምም መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። ቡና ሲፈላ በሩ ገርበብ ይበል፤ ማንደጃው ውጭ ተቀጣጥሎ በደንብ ይጋም፤ ከቡናው በኋላ ወደ ውጭ ይውጣ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው «ቡዳ ነው» ወይም «የበዓል ምግብ ነው» ሳይባል በሩ ይከፈት፣ ሰዉ ሁሉ ወደ አየር ይውጣ፣ የደከመውም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ጥሩ ነው፤ እኛም እናከፋፍለዋለን። መርዙን ግን አያስቀርም። «የድርጅቱ ምድጃ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚል ወሬ በአንዳንድ ቀበሌ እንዳለ ሰምቼአለሁና ይህን ወሬ ዛሬውኑ አቁሙልን።

«ታዲያ በምን እንሙቅ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጤፍ ጭድ በዚህ ወር ትኩስ ሆኖ ይወጣል፤ የአሮጌው ፍራሽ ጭድ ወጥቶ ትኩሱ ይሞላ። ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመደቡም ይመጣልና ከላይ አንድ ጋቢ ከመጨመር ከሥር ወፍራም ጭድ መጨመር ይሻላል። ግድግዳው ከአውድማው ሥራ በኋላ ይመረግ። ልጆች አብረው ይተኙ። አዲስ የተወለደ ሕፃን 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ፤ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተያይዞ በቡሉኮ ይሸፈን። የእናት ደረት ከማንኛውም ማንደጃ ይበልጣል።

ስለ ቃጠሎም ጥቂት ልናገር። የገና ዋዜማ ቤት ውስጥ ብዙ ድስት አለ፤ የወጥ ድስት፣ ዶሮ የሚገነጠልበት የፈላ ውኃ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ ዳቦ። ሕፃናት ስለሚበርዳቸው ወደ እሳቱ ይጠጋሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ገና ጨዋታ ሊመቱ ወደ መስክ ስለሚሄዱ የሚጠብቃቸው የለም። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ተደናቅፎ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ልጅ የተቃጠለ እንደ ሆነ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ማር ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጅ ይጮኻል፣ ጎረቤት «ቅቤ አምጡ» ይላል። ጸንታችሁ አፍስሱ።

እዚህ ላይ ለአባቶች የምለው አለኝ። የምድጃው አደጋ ግማሹ የእናት ድካም ነው። በገና ሳምንት የአንዲት የገጠር ሴት ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ውኃ፣ እንጨት፣ ኩበት፣ ወፍጮ፣ ሊጥ፣ ሽንኩርት፤ ከዚያ በላይ አጨዳውና አውድማው ገና አላለቀም። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ቦታ ስትገነጥል፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሲያለቅስ፣ ባልዋ ከደጅ «እንግዳ መጣ» ይላታል። በግ ማረድ የወንድ ሥራ ነው ብለን ደስ እያለን እናርዳለን፤ በግ ማረድ ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ቢላዋ እየጠረግን እንውላለን። በበዓሉ ዋዜማ ሕፃናትን መያዝ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት ፈልጦ ደርቆ እንዲቆይ አስቀድሞ መከመር ለአባት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ደረቅ እንጨት ጭሱ ያነሰ ነው፤ በገና ዋዜማ የሚቆረጥ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን የቤቱን ሁሉ ዐይን ያስለቅሳል።

ደግሞ የአያት ቤት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን በሌላ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። 44 ቀን ያህል ጾመው በገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጅና የልጅ ልጅ ከደጃቸው እንዲጠብቃቸው ይፈልጋሉ። ሂዱ። እንጨት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሽማግሌው ባና ይዛችሁ ሂዱ። ክርክሩን ለሌላ ቀን አስቀምጡት። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም የሚባለው ለሜዳው ብቻ መሆን የለበትም።

በመጨረሻ ስለማይመጡት ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ድሮ በዚህ ወር ከሑመራና ከመተማ የቀን ሥራ የተመለሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከባሕር ዳር የተማረው ሁሉ በዚሁ መንገድ ይገባ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በነሐሴ ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ ከ20 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ሞተዋል። ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት ልጅ ያለ ደብተር እንደ ቀረ አይታችኋል። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር በ2016ቱ ገና የልጁን መልክ በስልክ ያየ ወላጅ በአካባቢያችን አልነበረም ማለት ይቻላል። ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሲገኝ።

በዚያ ገና በብዙ ቤት ለቀረው ልጅ እንጀራው ተቆርሶ በመሶቡ ተቀምጦለት ነበር። እናቶች ይህን ያደርጋሉ። የሚያጽናና ቃል ይዘን ስንገባ «ይመጣል» ብለን የማናውቀውን ተስፋ ከመስጠት፣ ከጎናቸው ተቀምጠን ስሙን ብንጠራው ይሻላል። ስሙ በበዓል ቀን ሳይጠራ የሚውል ልጅ ለእናቱ ሁለት ጊዜ የቀረ ያህል ነው። ጉብኝት የምታደርጉ ኮሚቴዎች በገና ማግስት የምትሄዱባቸውን ቤቶች ስትመርጡ፣ ችግረኞቹን ብቻ ሳይሆን በበጉ ብዛት ሙሉ የሚመስሉትን፣ ነገር ግን አንድ መቀመጫ ባዶ የሆነባቸውን ቤቶች አስታውሱ።

ይበቃኛል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከጓሮ በኩል ተቀምጦአል፤ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል የሚባለውን በዐይናችሁ እንድታዩ ሁለት እኩል ሸክም እንጨት ተመዝኖ ተዘጋጅቶአል፤ አንዱ ለእርሱ፣ አንዱ ለሦስቱ ጉልቻ ነው። ሊጥ ያመጣችሁ እኅቶች ከምሳ በፊት ትጋግራላችሁ፤ ዛሬ እንጨቱን የሚማግዱት ወንዶች ናቸው። ወደ ቡሬና ወደ ሰከላ የምትመለሱ ግን ምሳውን ሳትጠብቁ ድርሻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ መንገዱ ሳይመሽባችሁ።